አረንጓዴዋ ሴትዮ

ሸፊቃን የማያውቅ ሰው የቀፊራን ገበያ አላውቅም ቢል ይቀለዋል። ከገበያው መግቢያ ገና ሳትደርሱ ድምፅዋ ይቀበላችኋል። ጨርቅ ሻጭ ናት፤ ያውም በዚያ በደርግ ጊዜ፣ የመንግሥት መደብር አንድ ዓይነት ካኪና አንድ ዓይነት አቡጀዲ ደርድሮ በሚኮፈስበት ዘመን፣ የሷ መደብ ላይ ሐሩ፣ ሻሹ፣ ሳሳ ያለው የድሪያ ቀሚስ ጨርቅ ተቆልሎ ይገኛል። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ድሬዳዋ ነዋ አቦ! ከጅቡቲ የሚመጣ ባቡር መቼ ባዶውን ገብቶ ያውቃል?

ሰው ሁሉ የየራሱ ጉራ አለው። የሸፊቃ ጉራ ቀለም ነበር። «በሜትር ትሸውደኝ ይሆናል፤ በቀለም ግን ወላሂ ማንም አይሸውደኝም!» ትላለች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ብሎ ማለፍ ለሷ የሰነፍ ንግግር ነው። ለእያንዳንዷ ቀለም ከገበያው ስም አውጥታላታለች። «የፓፓያ ልብ» አለ፣ «የሎሚ ልጣጭ» አለ፣ «የጫት ለጋ» አለ። ከሁሉ የምትወደው ግን ደማቁን ሮዝ ነው፤ እሱን «የዘይቱን ልብ» ነው የምትለው፤ የበሰለ ዘይቱን፣ ሌላ አገር ጓቫ የሚባለው፣ ሲከፈት ውስጡ እንደዚያ ነውና። ደንበኞቿም ለመዱት፤ ከመልካ ጀብዱ ድረስ መጥተው «ሸፉ፣ የጫት ለጋ አለሽ ወይ?» ይሏታል።

ሌላም የምትታወቅበት ነገር ነበራት፤ ቅናት። ኧረ ምን ቅናት ብቻ! ባሏ አብዲቃድር ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ዘለግ ያለ፣ ሰማያዊ ቆቡን ከራሱ ላይ ይልቅ በእጁ መያዝ የሚወድ፣ ቃል ከአፉ በልመና የሚወጣ ሰው። ሸፊቃ በተሳፋሪ ሴቶች ትቀናለች፣ በጅቡቲ ትቀናለች፣ በባቡሯም ትቀናለች ብል ማጋነን አይደለም። ሊሄድ ሲነሳ «ጨርቅ ያድርግልህ» ብላ ትሸኘውና ዞር ሲል «የትኛዋ ጋ ይሆን?» ትላለች። የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነው። ስታወራው አያያትም። ግድግዳውን ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ የቆቡን ጠርዝ እያሻሸ ወደ በሩ ያያል። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ግድግዳው ላይ ነኝ እንዴ?» ስትለው ፈገግ ይልና እንደገና ጫማውን ያያል። እሷ ደግሞ ይህን ተሸክማ ታድራለች፤ እኔን የማያይ ዓይን አንድ የሚያየው ነገር ቢኖረው ነው ትላለች።

ነገሩ የሆነው የሶማሌው ጦርነት አብቅቶ ባቡሩ ወደ ጅቡቲ መመላለስ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ግድም ነው። አብዲቃድር አንድ ቀን ከጅቡቲ ትንሽ ቢጫ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጧ ኮዳከለር ናት፤ የቀለም ፎቶ የሚያነሳ ፊልም። ዛሬ ያቺ ፊልም መመረቷ ከቀረ ስንት ዘመኗ! ያኔ ግን ድሬዳዋ ፎቶ ማለት ጥቁርና ነጭ ነው። ከባቡር ጣቢያው ከለገሃር አጠገብ ፎቶ ቤት የነበረው ወልደማርያም ደንበኛ ቀለም ሲጠይቀው በጥጥ ጫፍ ጉንጩን ቀላ፣ ከንፈሩን ቀላ እያደረገ ይሸኘዋል፤ ሰውየውም ኩፍኝ የያዘው መስሎ ይወጣል። ወልደማርያም ቢጫዋን ካርቶን ሲያይ ምራቁን ዋጠ። ተስማሙ፤ የባልና የሚስቱን ፎቶ በነፃ ያነሳል፣ የቀረችው ፊልም ለሱ ደንበኞች ትሆናለች፣ አጠባው ጅቡቲ ነው።

የዒድ ዕለት ሸፊቃ የዘይቱን ልብ ድሪያዋን ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ፣ ለገሃር ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ አጥር ስር ቆመች። አንድ እጇን አጥሩ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ብቻዋን ተነሳች፣ ደገመች፤ ከዚያ አብዲቃድር ቆቡን በእጁ ይዞ አጠገቧ ቆመ። ወልደማርያም «ወደኔ! ወደኔ! ዓይንሽን እንዳታርገበግቢ!» እያለ ይጮሃል። እሷም ዓይኗ እስኪያለቅስ የካሜራው መስተዋት ላይ ፈጥጣ ቀረች። ቀጭ አለ። አለቀ።

እንግዲህ ወልደማርያም የቀለም ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ መያዙ ነው፤ ፊልሙን ወደ ቆርቆሮ ማህደሩ ጠቅልሎ ሳይመልስ ካሜራውን ከፈተው። ፀሐይ ገባበት። ወሬው ከዒድ ማግስት ጀምሮ ከተማውን ዞረ፤ «የወልደማርያም ፊልም ተቃጠለ!» ያን ቀን የተነሱት ሁሉ እየሄዱ ሰደቡት። ሸፊቃም ሄዳ ሰደበችው። «የዘይቱን ልቤን አመድ አደረግህብኝ!» አለችው። አብዲቃድር ግን ዝም ብሎ ፊልሙን ተቀብሎት ወደ ጅቡቲ ይዞት ሄደ፤ ይታጠብና ይታይ ብሎ። ሲታጠብ መጀመሪያ የተነሱት ከውስጥ ተጠቅልለው ስለነበር ፀሐይዋ ሳታገኛቸው ቀርታለች። የባልና የሚስቱ ፎቶዎች ተርፈዋል! ግን ማተሚያ ወረቀት አልቋል ተባለና ነጋቲቩን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ለሸፊቃ አልነገራትም። በሚቀጥለው ጉዞው አሳትሞ በድንገት ሊያስደስታት ፈልጎ ነው። ሰው ለሚስቱ ደግ ነገር ሲያስብ መናገር ነበረበት፤ ይህችን ሚስት ካገባ ደግሞ በደንብ መናገር ነበረበት!

አብዲቃድር ወደ አዋሽ መስመር በወጣበት ጠዋት ሸፊቃ የሥራ ልብሱን ልታጥብ አወጣች። ኪስ ሳትፈትሽ አታጥብም፤ ለሳሙናው ብላ እንዳይመስላችሁ። ከደረት ኪሱ አንዲት ትንሽ ፖስታ ወጣች። ውስጧ ሦስት ፎቶ ያለባት ቁራጭ ፊልም አለች፤ የቀጠነ ሻይ የሚመስል መልክ አላት። ወደ ግቢው ወጥታ ለፀሐይ ያዘቻት።

አንዲት ሴት። አረንጓዴ ድሪያ የለበሰች ሴት።

ሸፊቃ ሞኝ አይደለችም። ነጋቲቭ ታውቃለች፤ ለቀበሌ መታወቂያ ስትነሳ ወልደማርያም አሳይቷታል። ፊት የሚታወቅ ነገር አይደለም፤ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል፣ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ያን ታውቃለች። ቀለም ግን ቀለም ነው፤ ቀለም ምን ሊሆን? የሷ ፎቶ ተቃጥሏል፤ እሷ የለበሰችው ደግሞ የዘይቱን ልብ ነው። ይህ አረንጓዴ ነው፤ ያውም የጫት ለጋ! ስለዚህ ይህ ሌላ ፊልም ነው፣ ይህች ሌላ ሴት ናት። ቦታው ግን ያው መናፈሻ፣ ያው አጥር። እጇን እንኳ አጥሩ ላይ አድርጋለች። «እኔ የቆምኩበት ላይ አቆማት! እንደኔ አድርጊ ብሎ አቆማት!» አለች ሸፊቃ ለብቻዋ።

ሦስተኛዋ ላይ ከሴትዮዋ አጠገብ አንድ ወንድ ቆሟል። አብዲቃድር ነው። ቁመቱ ይነግራታል፣ በእጁ የያዘው ቆብ ይነግራታል። ቆቡ ቢጫ መስሎ ታያት፤ የፀሐይ ነገር ነው ብላ አለፈችው። ቅናት ሲይዝ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያየው። ያየችው ምን መሰላችሁ? አብዲቃድር ወደ ካሜራው አያይም። ሴትዮዋን ነው የሚያየው። አንገቱን ሙሉ በሙሉ ወደሷ አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓለም የጠፋበት ሰው ሆኖ ያያታል። ግድግዳ የለ፣ ጫማ የለ።

«እኔን እንዲህ አይቶኝ ያውቃል?» አለች። «አንድ ቀን? ለአንድ ቀን እንኳ?»

ከዚያ ያለቀሰችውን አልነግራችሁም። ተነስታ የጨርቅ መቀሷን አመጣች። ሦስተኛዋን ቀጭ አድርጋ ለይታ ቆረጠቻት፣ ቆረጠቻትና ደግሞ አራት ቦታ ቆራረጠቻት፣ ከሰሉ ላይ ጣለቻት። ፊልሟ እንደ ፀጉር ተጨማታ ሸተተች። ሁለቱን ግን አላቃጠለችም፤ ማስረጃ ናቸው። ጨርቄን ማቄን ሳትል ወደ ቀፊራ ወጣች።

የጫት ለጋ ድሪያ ያላት ሴት ማን እንደሆነች ማሰብ አላስፈለጋትም። ራሷ ናት የሸጠችላት። ቱሪያ፤ ከሸፊቃ መደብ ጎን ሎሚና ዘይቱን የምትሸጥ፣ ከባሏ የተፋታች፣ ስትስቅ ሦስት መደብ አልፎ የሚሰማ ሴት። አብዲቃድር አንድ ጊዜ «ቱሪያ ሳቋ ደስ ይላል» ብሎ ነበር። በዓመት አንድ ነገር የሚናገር ሰው ያቺን መረጠ! ቱሪያ ያን ቀን ደግሞ ክፉ ዕድሏ ሆኖ ያንኑ ድሪያ ለብሳ ዘይቱን ታጸዳለች።

«በገዛ ጨርቄ!» አለች ሸፊቃ። «በገዛ ጨርቄ ተውበሽ ባሌን!»

«ነያ አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ኸይር ነው?» አለች ቱሪያ ገና እየሳቀች።

ሳቋን የቆረጠው የድሪያዋ መቀደድ ነው። ሸፊቃ ከትከሻዋ ይዛ እስከ ወገቧ ዘነጠለችው። ዘይቱኑ ተንከባለለ፣ ሎሚው ተረገጠ፣ ገበያው በሦስት ቋንቋ «ያዟቸው!» አለ። የአብዮት ጠባቂዎች መጥተው ሁለቱንም ወደ ቀበሌ ነዷቸው።

የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ጓድ በለጠች ትባላለች፤ አባቷ ለባቡር ሥራ ከመሀል አገር የመጡ፣ እሷ ግን ድሬ ተወልዳ ያደገች፣ ቀልድ የማትወድ ሴት። ሸፊቃ ማስረጃዋን አቀረበች። ጓድ በለጠች ፊልሟን ወደ መስኮቱ ያዘች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ለአጠገቧ ሰው አቀበለች፣ እሱም ጨፈነ፣ አቀበለ። ሸንጎው በሙሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያበቃ ጓድ በለጠች «አረንጓዴ ነው» አለች። ቱሪያ የተቀደደ ድሪያዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ «በቁርአን! እኔ ፎቶ ከተነሳሁ ዓመቴ ነው!» ብላ ማለች። ማን ይስማት? ድሪያውን እዚያው ለብሳዋለች።

ወልደማርያም ተጠራ። እሱም ለብርሃን ያዘና ላብ አጠመቀው። «ጥቁርና ነጭ ቢሆን በነገርኳችሁ፤ የቀለምን ነገር አላውቅም። እኔ ግን ቱሪያን አንስቻት አላውቅም።»

«ታዲያ ይህ ምንድነው?» አለችው ሸፊቃ። «አንተም ተባብረህ ነው! በነፃ ያነሳኸን ለዚህ ነው?» ድሬዳዋ ትልቅም ትንሽም «አንተ» ነው የሚባለው፤ ወልደማርያም ይህን ከለመደ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ያን ቀን ግን «አንተ»ዋ ከነፍሱ ገባች።

በዚህ መሀል አብዲቃድር ከጉዞው ተመልሶ፣ ወሬውን ከባቡር ጣቢያ ሰምቶ፣ ከነሻንጣው ሸንጎው በር ላይ ቆመ። ፊልሟን ሰጡት። አያት። ከዚያ በእጁ ሸፊቃን አመለከተ።

«እሷው ናት» አለ።

ቤቱ ሁሉ ጉድ አለ። ሸፊቃ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። «እኔ ነኝ? እኔ አረንጓዴ ለብሼ? አላህን አትፈራም? ከልጅነቴ ጀምሮ የሸጥኩትን ቀለም የዘይቱን ልብና የጫት ለጋ መለየት አቅቶኝ ነው? ጅል አደረግኸኝ እንዴ?»

አብዲቃድር ፊልሟን አገላብጦ «ሦስተኛዋስ?» ብሎ ጠየቃት።

«አቃጠልኳት!»

ቆቡን ራሱ ላይ ደፋ። «እሺ» አለ። ሻንጣውን አነሳና ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ እህቱ ወደ ኑርቶ ቤት ሄደ።

ጓድ በለጠች ፊልሟ ጅቡቲ ሄዳ ታትማ ትምጣ ብላ ወሰነች። ሸፊቃ «ባሌ አይወስዳትም፣ ይቀይራታል!» ብላ ጮኸች፤ ስለዚህ ዋይስ ለሚባል ሌላ የባቡር ሠራተኛ፣ በቀበሌ ማኅተም በታሸገ ፖስታ ተሰጠች። ፎቶዋ የሌላ ሴት ከሆነች ሸፊቃ ፍቺዋን ትጠይቃለች። ካልሆነችስ? ይህን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም። ዋይስ እስኪመለስ ግን ያቺ ሴት ሌላ ሰው ሆነች። ለሦስት ሜትር ከፋይ አራት ትቆርጣለች። ደንበኛ ሲጠራት አትሰማም። ጎኗ ቱሪያ አለች፤ የተቀደደውን ድሪያ በጥቁር ክር ጠቅማ ሆን ብላ በየቀኑ ትለብሰዋለች። ሸፊቃ ወደዚያ ላለማየት አንገቷ ይደነዝዛል። ያ አንገት ሙሉ በሙሉ ዞሮ ያየበት አስተያየት ደግሞ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ብታቃጥለውም አልተቃጠለላትም።

ዋይስ በመጣ ቀን ቀፊራ ግማሹ መደቡን ዘግቶ ቀበሌ መጣ። ጓድ በለጠች ማኅተሙን አሳየች፣ ቀደደችው፣ ፎቶዎቹን አወጣች። አየች። ደግማ አየች። ከዚያ ያቺ ቀልድ የማትወድ ሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«ጓድ ሸፊቃ፣ ቀለሟን አንቺው ንገሪን» ብላ አቀበለቻት።

የዘይቱን ልብ ነበረች። ደማቅ፣ የምትናገር የዘይቱን ልብ። በውስጧ ሸፊቃ፣ ኩሏን የተኳለች፣ እጇን አጥሩ ላይ ያደረገች፣ ወልደማርያም እንዳላት ዓይኗን ያፈጠጠች ሸፊቃ።

ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሳቁ ከበር እስከ በር ተቀባበለ። «ባሏን የነጠቀቻት ራሷ ናት!» «ኧረ አጃኢብ!» «ክሱ በማን ላይ ይሁን?» ወልደማርያም «ለካስ ቀለሙም ይገለበጣል!» እያለ ግንባሩን ይመታል። ቱሪያ ከዘንቢሏ አንድ ዘይቱን አወጣች፤ ልጣጩ አረንጓዴ ነው። ለሁለት ከፈለችና ሸፊቃ ፊት አስቀመጠችው። ውስጡ ያው ሮዝ ነው።

«አቦ ሸፉ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ከዘይቱን ሻጭ ጎን ተቀምጠሽ!»

ሸፊቃ ይቅርታ ጠየቀች። አዲስ የጫት ለጋ ጨርቅ እንድትክስ ተፈረደባት። ቱሪያ ግን ጨርቁ አይበቃኝም፣ ከፎቶዎቹ አንዷ ትሰጠኝ አለችና ተሰጣት። መደቧ ላይ ሰቀለቻት። «ማናት?» ብሎ የሚጠይቃትን ሁሉ «የአብዲቃድር ውሽማ ናት» ትለዋለች፤ ሳቋም ሦስት መደብ አልፎ ይሰማል።

ሸፊቃ ግን ሸንጎው ውስጥ አልሳቀችም ነበር። ሁለቱን ፎቶዎች ይዛ የምትፈልገው ሦስተኛዋን ነው። ከሰል ላይ የተጨማተችው ትዝ አለቻት። እዚያች ላይ የነበረችው እሷ ናት! ያ አንገቱን አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓለም የጠፋበት ሰው ሆኖ ያያት እሷን ነው!

ከቀበሌው እንደወጣች የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጣ ወደ ኑርቶ ቤት ሄደች። አብዲቃድር ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ጫማውን አየ።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ያቃጠልኳት ላይ እንዴት ነበር የምታየኝ?»

«እንዴት አየሁሽ?»

«አንተ አታውቅም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፊቴን አላየሁት። ነጋቲቩን አይቼ አፈርኩ። አንቺ ስታይው ምን ትይ ይሆን እያልኩ ነበር።» ቆቡን አሻሸ። «ሁሌ ነው የማይሽ። ጨርቅ ስታገላብጪ፣ ከሰው ጋር ስትጨቃጨቂ። ዞር ስትይብኝ ግን አፍራለሁ።»

«አንድ ጊዜ አሁን እየኝ» አለችው።

ሞከረ። ቀና ብሎ ትንሽ አያትና እንደገና ጫማው ላይ ወደቀ። ሸፊቃ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። እጁን ይዛ አስነሳችው፣ ኑርቶ ሻንጣውን አቀበለቻቸው፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል። ቢጫዋ ካርቶን የለችም፣ ወልደማርያምም ካሜራውን ሸጦታል፣ ቱሪያ መደብ ላይ የነበረችው ፎቶ ፀሐይ መትቷት የዘይቱን ልቧ ገርጥቷል። ሸፊቃ መቅናቱን አልተወችም፤ አሁን የምትቀናው ግን በአረንጓዴዋ ሴትዮ ብቻ ነው። ጡረታ የወጣው አብዲቃድር ከመደቧ ኋላ ወንበር ላይ ይውላል። ጨርቅ ስታገላብጥ አንዳንዴ ጀርባዋ ይሞቃታል። እያያት እንደሆነ ታውቃለች። ያኔ እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ይቆማል፤ ደንበኛ ቢጠራትም ዞር አትልም።